መስተዋቱን የሚሸሸው ማን ነው? በአመጋገብ መታወክ ሕክምና ውስጥ የአካል ምስልን የመጋፈጥ ስልትና የአካሚዎች ማመንታት

መግቢያ

በአመጋገብ መታወክ ሕክምና ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታይ አንድ ክፍተት አለ። ታካሚዋ ክብደቷ ወደ ጤናማ መጠን ተመልሶ፣ አመጋገቧ ሥርዓት ይዞ፣ ሕክምናዋን ፈጽማ ከወጣች በኋላም ስለ ገዛ አካሏ የምታስበውና የሚሰማት ነገር እንደ ቀድሞው የሚቆይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፓሜላ ኪልና ባልደረቦቿ በ2005 ባሳተሙት የክትትል ጥናት፣ ከአኖሬክሲያ ነርቮሳና ከቡሊሚያ ነርቮሳ አገግመው ከነበሩ ሴቶች መካከል ከሦስት አንድ በላይ በሚሆኑት ላይ ሕመሙ እንደ ተመለሰ፣ የአካል ምስል መዛባትም በሁለቱም ሕመሞች የማገርሸትን አደጋ ከሚጨምሩት ነገሮች አንዱ እንደ ሆነ አሳይተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ የአካል ምስል ጉዳይ ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ ጊዜ ከተረፈ ብቻ የሚነካ ጭማሪ ርእስ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ለዚህ ችግር በጥናት ከተደገፉት ስልቶች አንዱ መጋፈጥ ነው፤ ታካሚዋ የምትሸሸውን ነገር፣ ማለትም መስተዋትን፣ ሚዛንን፣ ሰውነትን የሚያሳይ ልብስንና የሰውን ዓይን፣ በዕቅድና በድጋፍ እንድትቀርበው ማድረግ። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ስልቱ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ብቻ አይደለም። ስልቱን የተማሩና በመርሕ ደረጃ የሚቀበሉት አካሚዎች ከታካሚያቸው ጋር በአንድ ክፍል ሲቀመጡ ለምን ይተዉታል? እዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ የአካሚው ሽሽት ከታካሚዋ ሽሽት ጋር በአሠራሩ አንድ ነው፤ ስለዚህ በንባብና በገለጻ ብቻ አይፈታም የሚል ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ስልቱን በአማርኛ መሥራት የሚያስነሣውን የቋንቋ ጉዳይ እመለከታለሁ፤ በአንባቢው ዘንድ አዲስ ሊሆን የሚችለው ክፍል ይህ ይመስለኛል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር አስቀድሞ መባል አለበት። ስልቱን አንዳንዶች «መጋለጥ» ይሉታል። በአማርኛ ግን ሰው የሚጋለጠው ለአደጋ፣ ለብርድ፣ ለበሽታ ነው፤ ቃሉ ተገብሮ ነው፣ ጉዳትንም አብሮ ይጠራል። ታካሚዋ የምትጠየቀው ደግሞ ፈቅዳና ዐውቃ ወደ ፈራችው ነገር ፊቷን እንድታዞር ነው። ስለዚህ «መጋፈጥ» የሚለውን መርጫለሁ። ታካሚዋን በአንስታይ ጾታ የምጠራት በተጠቀሱት ጥናቶች ውስጥ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ሴቶች ስለ ሆኑ ነው፤ ሕመሙ ወንዶችንም ይይዛል።

የታወከው ምንድን ነው?

ፖል ሺልደር በ1935 የሰውን አካል ምስል በአእምሯችን ውስጥ ስለ ገዛ አካላችን የምንሠራው ሥዕል አድርጎ ከገለጸው ወዲህ ጽንሰ ሐሳቡ ብዙ ተዘርዝሯል። ሒልደ ብሩክ በ1962 በአኖሬክሲያ ታካሚዎች ላይ ያየችውን ስትጽፍ የአካል ምስል መዛባትን ከሕመሙ መለያ ባሕርያት አንዱ አድርጋ አስቀመጠች። ለክሊኒክ ሥራ ግን ይበልጥ የጠቀመው ክሪስቶፈር ፌርበርንና የኦክስፎርድ ባልደረቦቹ ያዳበሩት አስተሳሰብ ነው። በእነርሱ ትንታኔ የሕመሙ እምብርት አንድ ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ዋጋ በአመዛኙ፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ፣ በክብደቱና በቅርጹ መመዘኑ ነው። ሌላ ሰው ራሱን በትምህርቱ፣ በወዳጅነቱ፣ በሥራው፣ በእምነቱ ሲመዝን፣ ታካሚዋ አንድ መለኪያ ብቻ ይቀራታል።

ይህን አመዛዘን በየቀኑ የሚመግቡት ተቃራኒ የሚመስሉ ሁለት ድርጊቶች ናቸው። አንደኛው መፈተሽ ነው፦ የእጅ አንጓን በጣት መለካት፣ የትከሻን አጥንት መዳሰስ፣ በየመስኮቱ መስተዋት የሆድን ጎን ማየት፣ በቀን ብዙ ጊዜ መመዘን። ሁለተኛው መሸሽ ነው፦ መስተዋትን በጨርቅ መሸፈን፣ በጨለማ መታጠብ፣ ሰፊ ልብስ ብቻ መልበስ፣ ፎቶግራፍ አለመነሣት። አንዲት ታካሚ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ልታደርግ ትችላለች። የሚያገናኛቸው ሁለቱም እርግጠኛ ዕውቀት አለመስጠታቸው ነው። የሚፈትሽ ሰው የሚያየው የሚጠላውን ቦታ ብቻ ነው፤ የሚሸሽ ሰው ደግሞ ምንም አያይም፣ የፈራውንም ይገምታል።

አኒታ ያንሰንና ባልደረቦቿ በ2005 በዓይን እንቅስቃሴ መከታተያ ያገኙት ውጤት ይህን በጉልህ ያሳያል። የአመጋገብ መታወክ ምልክቶች የሚታዩባቸው ተሳታፊዎች የራሳቸውን ምስል ሲያዩ ዓይናቸው ይበልጥ የሚያርፈው ራሳቸው አስቀያሚ ብለው በሰየሙት የአካል ክፍል ላይ ነበር፤ ምልክቶቹ የሌሉባቸው ግን በራሳቸው ላይ ውብ ወዳሉት ክፍል ያዘነብሉ ነበር። መስተዋት በሁለቱ ፊት አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም ማለት ነው።

ስልቱ በተግባር

የመስተዋት ልምምድ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ታካሚዋ ሙሉ ቁመት በሚያሳይ መስተዋት ፊት ትቆማለች፤ ከራስ ጠጉሯ ጀምራ እስከ እግሯ፣ ሳትዘልና ሳትቸኩል፣ የምታየውን በፍርድ አልባ ቃል ትገልጻለች። ቀለም፣ ቅርጽ፣ መጠን፣ የቆዳ ልስላሴ፣ የአንዱ ክፍል ከሌላው ጋር ያለው ንጽጽር ይነገራል፤ ውበትና አስቀያሚነት አይነገርም። ለማያይ ሰው፣ ወይም ከቃሏ ብቻ ሥዕል ለሚሥል ሰዓሊ እንደምትነግር አድርጋ እንድታስበው ይነገራታል። በተለመደ ልብስ ይጀመራል፤ በኋላ በስምምነት ሰውነትን ይበልጥ ወደሚያሳይ ልብስ ይሸጋገራል። የክፍለ ጊዜው ርዝመት እንደ አካሚውና እንደ ታካሚዋ ይለያያል፤ ዋናው ሽሽቱ ከመጀመሩ በፊት አለመቋረጡ ነው።

ሼሪ ደሊንስኪና ቴረንስ ዊልሰን በ2006 ለክብደትና ለቅርጽ ከልክ በላይ የሚጨነቁ 45 ሴቶችን በዕጣ ከፍለው ይህን ልምምድ አቅጣጫ ከማይሰጥ የምክር ውይይት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የመስተዋቱ ቡድን በአካል መፈተሽና መሸሽ፣ በክብደትና በቅርጽ ጭንቀት የተሻለ ውጤት አሳየ። ከዚያ በፊት በ2002 ኤድሪየን ኪይና ባልደረቦቿ በሆስፒታል ተኝተው ይታከሙ በነበሩ ጥቂት የአኖሬክሲያ ታካሚዎች ላይ ተመሳሳይ ፍንጭ አግኝተው ነበር። በ2016 ደግሞ የያንሰን ቡድን ዓይንን በሚወደደው ወይስ በማይወደደው ክፍል ላይ ማሳረፍ ይሻላል? ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱም መንገዶች የአካል እርካታን ከፍ እንዳደረጉ አገኘ። ይህ የመጨረሻው ግኝት ለአካሚው የሚያጽናና ነገር አለው፤ አንድ ትክክለኛ ቀመር ጠፍቶብኛል ብሎ ሥራውን የሚያዘገይበት ምክንያት ይቀንስበታል።

ሚዛንም የመጋፈጫ መሣሪያ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ፌርበርን ባዳበረው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ታካሚዋ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከአካሚዋ ጋር ሆና፣ ቁጥሩን እያየች ትመዘናለች። ከመመዘኗ በፊት ትንበያዋን ትናገራለች፦ «ሦስት ቀን ቁርስ ስለ በላሁ ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ።» ከዚያ ሚዛኑ ይታያል። የአንድ ሳምንት ለውጥ በሰውነት ውኃ ብቻ ሊመጣ ስለሚችል የሚነበበው የአራት ሳምንት አዝማሚያ ነው። ከዚህ ውጪ መመዘን ይቆማል። መሸሽም መፈተሽም በአንድ ውሳኔ የሚታገዱበት ሌላ እንዲህ ያለ ቀላል አሠራር አላውቅም።

በልብስ፣ በመዋኛ ቦታ፣ በፎቶግራፍና በሰው ፊት መብላት የሚደረጉ ልምምዶች፣ እንዲሁም በጣሊያንና በስፔን ተመራማሪዎች የተሞከሩት የምናባዊ እውነታ መነጽሮች በዚሁ መርሕ የሚሠሩ ስለ ሆኑ አልዘረዝራቸውም።

ስልቱ ለምን እንደሚሠራ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን መጠቀስ አለበት፤ የአካሚውን እጅ የሚመራው እርሱ ነውና። ኤድና ፎዋና ማይክል ኮዛክ በ1986 ባቀረቡት አስተሳሰብ የተነሣው ፍርሃት በልምምዱ ውስጥ መውረድ ይገባዋል። ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ በ2014 ባጠናከሩት አመለካከት ደግሞ ወሳኙ የፍርሃቱ መውረድ ሳይሆን የተጠበቀው ክፉ ነገር አለመድረሱ ነው፤ አሮጌው ትምህርት አይሰረዝም፣ የሚገታው አዲስ ትምህርት ከጎኑ ይተከላል። ለአካል ምስል ሁለተኛው ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል። «አስቀያሚ ነኝ» የሚለውን ሐሳብ መስተዋት ሊያስተባብለው አይችልም፤ ፍርድ ነውና። «አሥር ደቂቃ ሆዴን ካየሁ መቆም ያቅተኛል፣ ነገም ምንም መብላት አልችልም» የሚለው ግን ትንበያ ነው፤ ሊፈተሽ ይችላል። በተጨማሪም በአካል ምስል ውስጥ ከፍርሃት ይልቅ መጸየፍ ሲያይል፣ መጸየፍ ቀስ ብሎ የሚወርድ ስሜት በመሆኑ፣ «ጭንቀቷ እስኪቀንስ» የሚጠብቅ አካሚ ልምምዱ ከሽፏል ብሎ ቶሎ ሊደመድም ይችላል።

የአካሚው ሽሽት

ግሌን ዋለር በ2009 «የአካሚ መንሸራተት» ብሎ በሰየመው ክስተት፣ አካሚው ሕክምናውን በስሙ ይዞ ይቀጥላል፤ በውስጡ ግን ከማድረግ ወደ መነጋገር ይንሸራተታል። በ2012 ዋለር፣ ስትሪንገርና ማየር የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና እንሰጣለን የሚሉ አካሚዎችን በጠየቁ ጊዜ የሕክምናው መሠረታዊ ስልቶች በሚጠበቀው መጠን እንደማይሠራባቸው፣ የአካሚው የራሱ ጭንቀትም ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ አገኙ። ሐና ተርነርና ባልደረቦቿ በ2014 አካሚዎችን በሕክምናው ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስባቸው ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁ፣ ከላይ የተቀመጡት የአካል ምስል ሥራና ሕክምናን መቋጨት ነበሩ። እርግጠኛ አለመሆንን መታገሥ የሚከብዳቸው አካሚዎች ይበልጥ ይጨነቁ ነበር። ይህ ባሕርይ ታካሚዎቹንም የሚገልጽ መሆኑ ትኩረት ይስባል።

ነገሩን በአንድ ለማሳያ በተዋቀረ ምሳሌ ልግለጸው። ታካሚዋ የሃያ ዓመት ተማሪ ናት፤ ሰባተኛ ክፍለ ጊዜዋ ነው። በዕቅዱ መሠረት ዛሬ ትመዘናለች፤ ቀጥሎም የመስተዋቱ ልምምድ ይጀመራል። ስትገባ ዓይኗ እንባ ያቀረረ ነው፤ ከእናቷ ጋር ተጣልታለች። አካሚዋ «ዛሬ ፊቷ ልክ አይደለም፤ ሚዛኑ ይቆይ» ትላለች በልቧ። ሃምሳው ደቂቃ ስለ እናቷ በመነጋገር ያልፋል። ታካሚዋ አመስግና ትወጣለች፤ አካሚዋም ጥሩ ክፍለ ጊዜ ነበር ብላ ትጽፋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ምክንያት ይመጣል።

እዚህ ውስጥ ክፋት የለም፤ ርኅራኄ አለ። አሠራሩ ግን ከታካሚዋ አሠራር ጋር ቃል በቃል ይመሳሰላል። አካሚዋ ትንበያ አላት፦ ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች፣ ትቋረጣለች፣ የተገነባው መተማመን ይፈርሳል። ትንበያውን ከመፈተሽ ይልቅ ታዘገየዋለች። ወዲያው እፎይታ ታገኛለች፤ እፎይታው ማዘግየቱን ይክሰዋል። ትንበያው ስላልተፈተሸ እውነት ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ በስምንተኛው ሳምንት ሚዛኑን ማውጣት ከሰባተኛው ይከብዳል። የባሰው ደግሞ ታካሚዋ ዝምታውን ማንበቧ ነው፦ «እርሷም ፈርታለች ማለት ነው፤ እንግዲያው በእርግጥ የሚያስፈራ ነገር አለ።» በዚህ ጊዜ አካሚዋ ገለልተኛ አይደለችም፤ የታካሚዋን ፍርሃት አረጋግጣለታለች።

«ገና ዝግጁ አይደለችም» የሚለው ሐረግ በዚህ ሂደት ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ዝግጁነትን የሚለካው ማን ነው? በምን? ማዘግየት ተገቢ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች እንዳሉ አይካድም፤ የልብ ምትና የደም ጨው መጠን ያልተረጋጋ ታካሚ፣ ራሷን የመጉዳት አደጋ ላይ ያለች፣ ወይም በአካሏ ላይ ግፍ ተፈጽሞባት መስተዋቱ ያንን ትዝታ የሚቀሰቅስባት ታካሚ ሌላ ሥራ ይቀድማታል። ልዩነቱ ግን በመዝገቡ ላይ ይታያል። እውነተኛ ምክንያት ሁኔታና ቀን አለው፦ «ይህ ሲረጋጋ፣ በዚህ ሳምንት እንጀምራለን።» ሽሽት የሆነ ምክንያት ቀን የለውም።

ኒኮላስ ፋረልና ባልደረቦቹ በ2013 ለጭንቀት በሚሰጥ የመጋፈጥ ሕክምና ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ስለ ስልቱ አሉታዊ እምነት እንዲይዙ የተደረጉ ተሳታፊዎች ልምምዱን ይበልጥ በፍርሃትና በተለዘበ መልክ ሰጥተዋል። እምነቱ ድርጊቱን የሚቀድምና የሚለውጥ ነው ማለት ነው። ዋለርና ባልደረቦቹ በ2016 የአመጋገብ መታወክ አካሚዎች ለ90 ደቂቃ በተሰጣቸው ገለጻ ለመጋፈጥ የነበራቸው አሉታዊ አመለካከት እንደ ቀነሰ ዘግበዋል። ውጤቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አመለካከት መለወጥና በሰኞ ጧት ሚዛኑን ከጥግ ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለታካሚዋ «መስተዋት አይጎዳም» ብለን ገለጻ ሰጥተን እንደ ዳነች አንቆጥርም፤ ለአካሚውስ ለምን ይበቃል እንላለን?

መመሪያዎችም ለሽሽቱ በር ይተዋሉ። በእንግሊዝ የጤናና የእንክብካቤ ልህቀት ተቋም በ2017 ያወጣው መመሪያ ለአኖሬክሲያ እስከ 40 ክፍለ ጊዜ የሚደርስ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ሲመክር የአካል ምስልን ጭንቀት ከሚነኩት ርእሶች አንዱ አድርጎ ይጠራዋል። ርእሱን መንካት ግን መነጋገርም ሊሆን ይችላል።

ስልቱ በአማርኛ ሲሠራበት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ባለሙያዎች ለአእምሮ ጤና ከሚሠለጥኑባቸው መሣሪያዎች ዋነኛው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ2010ም ሆነ በ2016 እትሙ ስለ አመጋገብ መታወክ ራሱን የቻለ ምዕራፍ የለውም። ስለዚህ ይህን ሕመም የሚያክም አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ፣ በአዲስ አበባ ይሁን በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ፣ ስልቱን የሚማረው በሌላ ቋንቋ ነው። የመስተዋቱ ልምምድ ደግሞ ከሌሎች ስልቶች ሁሉ በላይ በቃላት ላይ የቆመ ነው።

ፍርድ አልባ የአካል መግለጫ በአማርኛ ማግኘት ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል። «ቦርጭ» ስንል ቅርጹን ብቻ አንጠራም፤ ፍርዱ በስሙ ውስጥ ነው። «ዘርጣጣ»፣ «ድብልብል»፣ «ከሲታ»፣ «ኮስማና» ሁሉም እንዲሁ ናቸው፤ «ሸንቃጣ» እና «መለሎ» ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ያጋድላሉ፤ ምስጋናም ፍርድ ነው። አካሚው መውጫ አድርጎ የሚይዘው ብዙ ጊዜ «ወፈር ያለ»፣ «ሞላ ያለ»፣ «ቀጠን ያለ» የሚለውን የማለዘቢያ አነጋገር ነው። ይህ ግን ትሕትና እንጂ ገለልተኝነት አይደለም። የሚለዘበው ሻካራ ነገር ነውና ታካሚዋ «ሞላ ያለ» ሲባል የምትሰማው አካሚዋ ሊላት ያልፈለገውን ቃል ነው። ማለዘቢያው የአካሚው የደኅንነት መጠበቂያ ይሆናል።

የሚሠራው የቅርጽና የቦታ ቋንቋ ነው። ታካሚዋ «ሆዴ ያስጠላል» ስትል «እርሱ ፍርድ ነው፤ ቅርጹን ንገሪኝ» ትባላለች። «ከእምብርቴ በታች ትንሽ ወደ ፊት ይወጣል፤ ስቀመጥ ሁለት እጥፋት ይሠራል፤ ቆዳው ከክንዴ ቆዳ ይልቅ ይቀላል።» ግሥ ከቅጽል ይሻላል፤ «ወፍራም ነው» ከሚለው «እዚህ ይሰፋል፣ እዚህ ይጠባል» የሚለው ይሻላል። «ሆድ» ራሱ በአማርኛ የስሜት ማደሪያ መሆኑም አይረሳ። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፤ ሆደ ሰፊ የሚባለውም ታጋሽ ሰው ነው። ታካሚዋ ስለ ሆዷ ስትናገር ከቅርጹ ወደ ኀዘኗ ብትሻገር አያስደንቅም፤ አካሚዋ ሰምታ ወደ መስተዋቱ ትመልሳታለች።

የሰላምታችንም ነገር አለ። ሌላ ቦታ እንደ ነውር የሚቆጠረው ስለ ሰው አካል መናገር በእኛ ዘንድ የመቀራረብ ምልክት ነው። «ወፈርሽ፤ ተመችቶሻል» የሚል ዘመድ ማመስገኑ ነው፤ «ምነው ከሳሽ?» የሚልም ማሰቡ ነው። ሕመሙ ላለባት ወጣት ግን የመጀመሪያው ቅጣት፣ ሁለተኛው ሽልማት ሆኖ ይሰማታል። በውጭ አገር ያደገች ከሆነ ደግሞ በቤት የሚያስመሰግነው በትምህርት ቤት የሚያሳፍር ሆኖ በሁለት ሚዛን ትመዘናለች። ዘመድን ሁሉ ዝም ማሰኘት አይቻልም። ስለዚህ የመጋፈጫው ዝርዝር ለዚህ ቦታ ሊኖረው ይገባል፦ አካሚዋ «ወፈርሽ» የሚለውን ቃል በክፍሉ ውስጥ በዘመድ ድምፅ ትናገረዋለች፣ ደጋግማም ትናገረዋለች፤ ታካሚዋም ሳትሸሽና ምግብ ሳትቀንስ መስማትን ትለማመዳለች። ቀጥሎ የበዓል ግብዣ ይመጣል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ይቀድማሉ። ሰፊ ቀሚስ፣ ነጠላ ወይም ሒጃብ ሽሽት ነው ብሎ መነሣት ስሕተት ነው። የሚጠየቀው ታካሚዋ ብቻዋን ወይም ከእኅቶቿ ጋር በቤት ውስጥ ስትሆን የምታደርገው ነው፤ በዚያም ሰውነቷን የምትሸፍን፣ በጨለማ የምትታጠብ ከሆነ ልብሱ ሌላ ሥራ ይዟል። ልምምዱም በዚያው በቤት ልብስ፣ ከሴት አካሚ ጋር ሊሠራ ይችላል፤ የአደባባይ ልብሷን መንካት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚያሳስበው ፍርሃቱን ራሱን ነው። ሲንግ ሊ በሆንግ ኮንግ የመወፈር ፍርሃት የሌለባቸው የአኖሬክሲያ ታካሚዎችን ገልጿል። ቤኔትና ባልደረቦቿም በ2004 በጋና ሴት ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ራሳቸውን በረኀብ ያከሱ ልጃገረዶች ምክንያታቸውን ከመወፈር ፍርሃት ይልቅ በሃይማኖታዊ ጾምና ራስን በመግዛት አስረድተዋል። ጾም በዓመቱ ውስጥ ሰፊ ቦታ በሚይዝበት አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጾሙን የያዘ ሁሉ ታማሚ ነው ማለት አይደለም፤ የፋሲካ ማግሥት ሲመጣ መብላት የምትችል ልጅና የማትችል ልጅ ይለያያሉ። ነገር ግን ሕመሙን ያቆየው የቅርጽ ፍርሃት ካልሆነ መስተዋቱ የሚፈትሸው ትንበያ የለም፤ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። ስለዚህ አካሚው ከልምምዱ በፊት ታካሚዋን «ብታዪው ምን ይሆናል ብለሽ ትፈሪያለሽ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በእርሷ ቃል ይጻፈው።

ለሥልጠና የሚሆን ሐሳብ

የአካሚው ሽሽት እንደ ታካሚዋ ሽሽት የሚሠራ ከሆነ ሥልጠናውም ልምምድ ሊሆን ይገባል። በድኅረ ምረቃ ክሊኒካዊ ኮርስ ውስጥ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ፈቃደኛነታቸው ተጠይቆ፣ በመስተዋት ፊት የገዛ አካላቸውን ለአሥር ደቂቃ በአማርኛ ፍርድ አልባ በሆነ ቃል ቢገልጹ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ ከአፋቸው የሚያመልጡት ፍርዶች ስለሚቆጠሩ የቃላቱ ችግር በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በምላሳቸው ላይ ይታያል። ሁለተኛ፣ አካሚውም አካል ያለው፣ ከታካሚዋ ጎን ቆሞ በዚያው መስተዋት የሚታይ ሰው መሆኑን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ታካሚዋ ዓይኗን ወደ እርሱ አዙራ ራሷን ከእርሱ ጋር ስታነጻጽር አይደነግጥም። ከመጀመሪያው እውነተኛ ክፍለ ጊዜ በፊትም ተማሪው የሚፈራውን በቁጥር ይጽፋል፦ የማቋረጥ ዕድሏ ምን ያህል ነው? ታለቅሳለች? ካለቀሰች ስንት ደቂቃ? በኋላ የሆነው ከተጻፈው ጎን ይቀመጣል።

በሱፐርቪዥን ጊዜም ጥያቄው ይለወጣል። «ክፍለ ጊዜው እንዴት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከላይ ያየነውን ስለ እናቷ የተነጋገሩበትን ክፍለ ጊዜ «ጥሩ ነበር» አሰኝቶ ያሳልፈዋል። ባለፉት አራት ሳምንታት ታካሚዋ ስንት ጊዜ ተመዘነች፣ ቁጥሩን ራሷ አየችው ወይ፣ መስተዋቱ ፊት ስንት ደቂቃ ቆመች፣ ልምምዱን ያቋረጠው ማን ነበር የሚሉት ግን መልሳቸው በመዝገቡ ላይ መገኘት ያለባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ መዝገቡ ባዶ ከሆነም ውይይቱ ከዚያው ይጀምራል።